ቁጣን ቂጣ ያደረገው ማን ነው?

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ጥናት፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ቤተ መጻሕፍታችን ወንበር ማነስ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ እኛ የምናነሣው ጉዳይ ከእነዚያ ሁሉ ያነሰ ይመስላል። ጉዳዩ የፊደል መልክ ነው። ፊደላችን ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለው የቆየ ክርክር አይደለም፤ በወረቀት ላይ የምናትመው ፊደል ምን ይምሰል የሚለው ነው። «ይኸ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠን።

ነገሩ የጀመረው በልምምድ ማስተማር ጊዜ ነው። እኛ አራት ዕጩ መምህራን ከነጌሌ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። የደረሰን የአምስተኛ ክፍል አማርኛ ነው። የመማሪያው መጽሐፍ ለአራት ልጅ አንድ ስለነበር አንዲት ገጽ ምንባብ አዘጋጅተን በኮምፒዩተር ጻፍን። ወረቀት ለመቆጠብ ብለን ፊደሉን አሳነስነው። ዘመናዊ እንዲመስል ብለን ደግሞ ጥቅጥቅ ያለውን ወፍራም ፊደል መረጥን። ከዚያ ፎቶ ኮፒ አስነሣን፤ አልበቃ ሲል ከኮፒው ላይ ሌላ ኮፒ አስነሣን።

በማግስቱ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አስነሥተን እንዲያነብ ጠየቅነው። በምንባቡ ውስጥ «የአባቱ ቁጣ በረደ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ልጁ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ዓይኑን አጥብቦ ሲያበቃ «የአባቱ ቂጣ በረደ» ብሎ አነበበ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ለመናገር እኛም ሳቅን። መዝገብ የያዘው ጓደኛችን በልጁ ስም ትይዩ «ንባብ፦ ደካማ» ብሎ ጻፈ።

በዕረፍት ሰዓት ያንኑ ወረቀት አንሥተን ስናይ ሳቃችን ጠፋ። በዚያ ኮፒ ላይ የ«ቁ» ቅጥያ ከእግሩ መካከል ይሁን ከእግሩ ሥር ጨርሶ አይለይም። ቀለም ጠጥቶ አብጧል። እኛ «ቁጣ» ያልነው ራሳችን ስለጻፍነው እንጂ አንብበነው አይደለም! ልጁን ጠርተን የመማሪያ መጽሐፉን ሰጠነው። አንድ ገጽ ሙሉ ሳይደናቀፍ አነበበልን። መዝገቡን ወዲያው አረምን። የልጁን ልብ ማረም ግን እንደ መዝገቡ ቀላል አልሆነም። በቀሩት ሁለት ሳምንታት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እጁን አላወጣም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይኸ ነው፤ ቁጣን ቂጣ ያደረገው ማን ነው? ልጁ ነው ወይስ እኛ?

እንደሚታወቀው የፊደላችን ጠባይ ከላቲኑ ይለያል። በላቲን ጽሕፈት አናባቢው ራሱን የቻለ ፊደል ሆኖ ይቆማል። በእኛ ግን አናባቢው በተነባቢው ላይ የምትቀጠል አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። ካዕቡ ከእግሩ መካከል ይቀጠላል፤ ሣልሱ ከእግሩ ሥር ይቀጠላል፤ ኃምሱ ቀለበት ያስራል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ብዙዎቹን እርስ በርስ የምትለያቸው ያቺው ጥፍር የምታህል ቅጥያ ናት። እርሷ ከጠፋች ቁም ቂም ይሆናል። እንግዲህ «ቁም!» ብሎ ያዘዘ መምህር «ቂም» ብሎ ሲነበብ ይታያችሁ።

ይህ ችግር በእኛ አካባቢ ይብስበታል። አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ልጅ አንድ ፊደል ቢጠፋበት ከቀረው ቃል ገምቶ ያገኘዋል፤ ጆሮው ይመራዋል። በሊበን፣ በጎሮ ዶላ፣ በዋደራ፣ ወዲያ ደግሞ በያቤሎና በሞያሌ በኩል የምናስተምራቸው አብዛኞቹ ልጆች ግን አማርኛን የሚማሩት ሁለተኛ ቋንቋ አድርገው ነው። ግምት የላቸውም፤ ያላቸው ዓይናቸው ብቻ ነው። ወረቀቱ ያሳያቸውን ያነባሉ። ታዲያ ወረቀቱ ቢዋሽ ጥፋቱ የማን ነው?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። አባቶቻችን ለረጅም ንባብ የሚመች ፊደል ከየት አመጡት? ከመቃ ብዕር ነው። ብራናው የሚዘጋጀው ባመዛኙ ከፍየል ቆዳ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል። ጠፍጣፋ አፍ ያለው መቃ ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ያወጣል። ስለዚህ የፊደሉ እግር ይወፍራል፤ አግዳሚው ይቀጥናል፤ የእግሩ አናትና የቅጥያው ጫፍ ደግሞ ሰፋ ብሎ ይጨርሳል። ያቺ ጫፍ ላይ ያለችው ስፋት ጌጥ ብቻ አይደለችም። ዓይን መስመሩ የት እንደጀመረና የት እንዳበቃ እንዲያውቅ ታደርጋለች። ቁም ጸሐፊዎቹ ቃልና ቃልን በሁለት ነጥብ ይለዩ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ገጹን ለሁለት ዐምድ ይከፍሉታል። መስመሩ አጭር ስለሚሆን ዓይን ሲመለስ መንገድ አይስትም። በዓድዋ አጠገብ የሚገኘው የአባ ገሪማ ወንጌል በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል የተጻፈ መሆኑን በብራናው ላይ የተደረገው ምርመራ አሳይቷል። ይኸን ያህል ዘመን ቆይቶ ዛሬም ይነበባል። የእኛ ኮፒ ግን አንድ ቀን አልቆየም!

ፈረንጆቹም ከዚሁ የተለየ መንገድ አልሄዱም። በሮማ ከተማ እ.ኤ.አ. በ113 ገደማ በቆመው የትራያን ዓምድ ላይ የተቀረጹት የላቲን ፊደላት በየመስመራቸው ጫፍ ትንሽ ተረከዝ አላቸው። በማተሚያ ሠራተኞች ቋንቋ ይህች ተረከዝ ሰሪፍ ትባላለች። በ16ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ክሎድ ጋራሞን የቀረጻቸው የመጽሐፍ ፊደላት ባለ ተረከዝ ናቸው። የለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1932 ለራሱ ያስቀረጸውና እኛ በየኮምፒዩተሩ የምናገኘው ታይምስ ኒው ሮማንም እንዲሁ ነው። ተረከዝ የሌለውን ደግሞ እኛ በዚህ ጽሑፍ ልሙጥ ፊደል ብለነዋል።

የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ መሣሪያ የታተመው በአገራችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮማ ውስጥ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ከዚያ በ1548 እና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር እዚያው ሮማ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። እነዚህ አባቶች ለአንባቢው ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ምክንያታቸውም ፊደሉን የሚደረድሩት ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አለመቻላቸው፣ እነርሱ ደግሞ የማተም ሙያ አለማወቃቸው ነበር። ይህ ነገር እኛን በእጅጉ አስገርሞናል። እኛ የዛሬዎቹ ሁለቱንም እንችላለን፤ እናነባለን፤ እናትማለን። እነርሱ ይቅርታ ጠየቁ፤ እኛ ግን ልጁን ሳቅንበት።

በአገራችን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንድርያስ ካቫድያ የተባለው ግሪካዊ ያዘጋጀው የነበረው አእምሮ ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚወጣው። ከዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን ጋር ዘመድ ነው ማለት ነው! በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ደግሞ የቁም ጸሐፊውን መልክ ይዞ በእርሳስ ፊደል ለሕዝብ አዳረሰው። አባቶቻችንና እናቶቻችን የተማሩባቸው መጻሕፍት ባለ ወፍራም እግርና ባለ ቀጭን አግዳሚ የሆኑት ከዚያው የተነሣ ነው።

ቀጥሎ የጽሕፈት መኪና መጣ። በዚያች መኪና ላይ 231 ፊደል ሊያስቀምጡ አይችሉም፤ ቁልፉ አይበቃም። ስለዚህ አካሉ ለብቻ ቅጥያው ለብቻ ይመታ ነበር። አንዳንዴ ቅጥያው ከእግሩ ርቆ ይቆማል፤ አንዳንዴ ይደረባል። ያ ጽሑፍ በስቴንስል ተመትቶ በማባዣ ሲባዛ ምን ይመስል እንደነበር በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ የቀሩትን ወረቀቶች ያየ ሰው ያውቀዋል። የዚያን ጊዜ መምህራን መሣሪያው አስገደዳቸው። እኛን ግን ማን አስገደደን?

ዛሬ እኮ አማራጭ ሞልቶናል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በኋላ በዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለ ፎንት መጣ። ስሙን ያገኘው ጎረቤታችን በባሌ ተራሮች ከሚኖረው ከደጋ አጋዘን ነው፤ መልኩ የመቃውን ውፍረትና ቅጥነት ይከተላል። ሆኖም በዊንዶውስ 10 ኒያላ ካልተጫነ በቀር ከመጀመሪያው አይገኝም፤ ቦታውን ኢብሪማ የተባለው ልሙጥ ፊደል ይዞታል። ከብራና ጽሕፈት ባህል የተወሰደው አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልም አለ፤ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክም አለ። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። በአንዲት ፍላሽ አንዱ ከሌላው ሊቀዳቸው ይችላል። እኛ የማንጠቀምባቸው ስለሌሉ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ያገኘነውን ዝም ብለን ስለምንቀበል ነው።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን። ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ ስንከራከርበት ሰንብተናልና ሳንሸሽግ እናቅርባቸው።

አንደኛው «ዋናው ፍሬ ነገሩ ነው፤ ፊደል ፊደል ነው» የሚል ነው። ጥሩ። ግን ፍሬ ነገሩ ወደ ልጁ ልብ የሚገባው በዓይኑ በኩል አይደለም እንዴ? የቦረና ሰው ከጥልቁ ኤላ ውኃ ሲያወጣ ሰው በሰው ላይ ተደርድሮ ባልዲውን ከእጅ እጅ ይቀባበላል። ውኃው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ከላይ አይደርስም፤ ከመካከል አንዱ እጅ ከሳተ ይደፋል። ፊደልም ያ መካከል ላይ ያለው እጅ ነው።

ሁለተኛው «ወረቀት ውድ ነው» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ አንክድም። ወረቀት እዚህ የሚደርሰው በሀዋሳና በአዶላ በኩል ያን ሁሉ መንገድ ተጭኖ ነው። ይሁን እንጂ የማይነበብ ወረቀት ከሁሉ የበለጠ ውድ ነው። ያቺን አንዲት ገጽ በሁለት ገጽ ብናደርጋት ኖሮ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይካፈሏት ነበር፤ ወጪው ያው ነው። ደግሞም ከአንድ ገጽ ምንባብ ውስጥ አላስፈላጊውን ዐረፍተ ነገር መቀነስ ፊደሉን ከማሳነስ ይሻላል።

ሦስተኛው ከበድ ያለ ነው። አንድ ጓደኛችን «ተረከዝ ያለው ፊደል ከልሙጡ የበለጠ ይነበባል የሚለው የተረጋገጠ ነገር አይደለም» ብሎ ተከራከረን። ልክ ነው። በላቲን ፊደል ላይ የተካሄዱት ብዙ ጥናቶች በሁለቱ መካከል ይኸ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም። ይልቁንም የፊደሉ መጠን፣ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ክፍተት፣ የኅትመቱ ጥራትና የዓይን ልማድ ይበልጥ እንደሚወስኑ ነው የሚነገረው። እኛም ስለዚህ «ተረከዝ ያድናል» አንልም። የምንለው ሌላ ነው። ልጆቻችን ያሏቸው መጻሕፍት በብዛት በመጽሐፉ ፊደል የታተሙ ናቸው፤ ዓይናቸው የለመደው እርሱን ነው። በምትለምደው ፊደል ማንበብ በምታውቀው መንገድ መሄድ ማለት ነው። በሌላ በኩል ቀጭኑ አግዳሚ በጣም ካነሰ በመጥፎ ኮፒ እንደሚጠፋም አይተናል። ስለሆነም የመጽሐፉም ፊደል ቢሆን ተመችቶ የሚነበበው ሰፋ ተደርጎ ሲታተም ነው።

ልሙጡንም ጠላት አናድርገው። ለሱቅ ታፔላ፣ ለመኪና ሰሌዳ፣ ለዚህ ጋዜጣ አርእስት ይሠራል። ሰው ቆሞ ወይም እየሄደ ሦስት ቃል የሚያነብበት ቦታ የእርሱ ነው። ሦስት ገጽ ተቀምጦ ለሚያነብ ልጅ ግን ሌላ ልብስ ያስፈልጋል። የሠርግ ጫማ ተጫምቶ ከነጌሌ ዋደራ በእግሩ የሚሄድ ማን አለ?

ነገሩ የአማርኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል፤ ከእኛም ብዙዎቻችን የምናስተምረው በእርሱ ነው። እስቲ «ኢልማ» የሚለውን ቃል፣ ልጅ ማለት ነው፣ በአብዛኛው ልሙጥ የላቲን ፊደል በዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ጻፉት። ትልቁ አይና ትንሹ ኤል ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት እንጨቶች ይሆናሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አዋቂ በልማድ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያ ክፍል ልጅ ግን በምን ያውቀዋል? ባለ ተረከዙ ፊደል ላይ አይ ከላይም ከታችም ተረከዝ አለው፤ ኤል ከላይ በአንድ በኩል ብቻ ነው። ልዩነቱ ይታያል። በሁለቱም ቋንቋ ያገኘነው ትምህርት አንድ ነው።

እንግዲህ ወቀሳ ብቻ እንዳይሆን በቡድናችን የተስማማንባቸውን ለጓደኞቻችን እናቀርባለን።

1ኛ. ለተማሪ የሚሰጥ ማንኛውም ምንባብ በመጽሐፍ ፊደል ይጻፍ። መጠኑ ለትልልቆቹ ክፍሎች ከ12 አይነስ፤ ለታችኞቹ ክፍሎች ደግሞ ከዚያ በደንብ ይተልቅ። በመስመሮች መካከል ክፍተት ይኑር። በቃልና በቃል መካከልም እንዲሁ፤ ሁለት ነጥቡን ትተናልና ቦታውን እንኳ እናክብርለት።

2ኛ. ደማቁና ወፍራሙ ፊደል ለአርእስት ብቻ ይሁን። ሙሉ ገጽ ካደመቅን ምንም አላደመቅንም።

3ኛ. ኮፒ ሁልጊዜ ከዋናው ላይ ይነሣ። ከማደላችን በፊት አንዷን ቅጂ ማታ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ በሶላር መብራት ወይም በኩራዝ አጠገብ እናንብባት። የእኛን ዓይን ካደከመች የልጁንም ታደክማለች። አንባቢውም ጽሑፉን ያልጻፈው ሰው ይሁን፤ የጻፈው ሰው ያልተጻፈውንም ያነባልና!

4ኛ. በእጅ ስንጽፍም የመቃውን ጥበብ አንርሳ። ለሠንጠረዥና ለሥዕላዊ መርጃ ጠፍጣፋ አፍ ያለውን ማርከር ብንይዝ ወፍራሙና ቀጭኑ በራሱ ይመጣል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ካዕቡን ከመካከል፣ ሣልሱን ከሥር ለይተን እንቀጥል። ቸኩለን ሁለቱንም አንድ ቦታ አንወርውራቸው።

5ኛ. ይኸ ጋዜጣ ራሱ ከዚህ አይዘል። ባለፉት ዕትሞች በአበባና በጥላ የተከበቡ አርእስቶች አይተናል። ያምራሉ። ከሥራቸው ያለው ጽሑፍ ግን አንዳንዴ ጉንዳን ይመስላል። የዝግጅት ክፍሉ ጓደኞቻችን ቅር ሳይላቸው ይመልከቱልን።

ለተከበሩ መምህራኖቻችንም አንድ ትሕትና ያለበት ልመና አለን። የምትሰጡን የማስተማሪያ ጽሑፍ ብዙ ዓመት ከኮፒ ወደ ኮፒ ሲተላለፍ የመጣ ጊዜ ደርሶብናል። የጠፋውን መስመር ከበላይ ጓደኞቻችን እየጠየቅን ሞልተን አጥንተነዋል። እኛ አዋቂዎች ነንና ጠይቀን እንሞላለን። ነገር ግን የተማርንበትን መልክ ነው ይዘን የምንወጣው፤ ነገ መጋ ወይም ዲሬ ስንመደብ ለልጆቹ የምንሰጠው እርሱኑ ነው። ስለዚህ እንደገና ቢጻፍልን፣ ጉልበቱ ደግሞ የእኛ ይሁን፤ ተራ ገብተን እንተይባለን።

በመጨረሻ ወደዚያ ልጅ እንመለስ። ልምምዱን ጨርሰን ስንሰናበት ያችኑ ምንባብ በትልቁ የመጽሐፍ ፊደል እንደገና አትመን ለክፍሉ ትተን መጥተናል። ለልጁም በክፍሉ ፊት «ያን ቀን የተሳሳትነው እኛ ነን» ብለን ነገርነው። ቀና ብሎ አላየንም። ወረቀቱን ግን ተቀብሎ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ቤቱ ሄዶ አንብቦት ይሁን አይሁን የምናውቅበት መንገድ የለንም።

የምናውቀው አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ አንድ ልጅ ተሳስቶ ሲያነብ ከመሳቃችንና መዝገብ ከመክፈታችን በፊት ወረቀቱን ተቀብለን እናየዋለን። እናንተስ?

ከሁለተኛ ዓመት የቋንቋ ሠልጣኞች